ከመካኒሳ እስከ ፍራንክፈርት ከሁለት ድመቶች ጋር

ስለ ድመት ልጽፍላችሁ ስነሳ ትንሽ አፍሬአለሁ። የፓስተር ሚስት ስለ ጸሎት፣ ስለ ልጆች አስተዳደግ፣ ስለ እንግዳ አቀባበል ብትጽፍ ያምርባታል። ነገር ግን ቤተ ሰባችን ከአዲስ አበባ ወደ ጀርመን አገር በተዛወረበት ጊዜ ጌታ ስለ ትዳራችንና ስለ ልጃችን ያስተማረን በሁለት ድመቶች በኩል ስለሆነ፣ ታሪኩን ያለ እነርሱ ልነግራችሁ አልችልም።

ድመቶቹ ጉሬዛና ዳማ ይባላሉ። ጉሬዛ ጥቁርና ነጭ ናት፤ ዳማ ልጇ ነው፣ መልኩም እንደ ስሙ ወደ ቀይ ያደላል። መካኒሳ በነበረው የኪራይ ቤታችን ግቢ፣ ከማገዶው ክምር ሥር ጉሬዛን ያገኘቻት ልጃችን ነበረች። ያን ጊዜ ስድስት ዓመቷ ነበር። በእኛ አገር ድመት የምትያዘው አብዛኛውን ጊዜ ለአይጥ ነው፤ ጓዳ ታድራለች፣ የተረፈ ትበላለች። ጉሬዛ ግን ከልጃችን አልጋ ግርጌ ተኛች። እኔ ብዙ ጊዜ አስወጣኋት፤ እርሷም ብዙ ጊዜ ተመለሰች። «ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ» ይባል የለ! በመጨረሻ ተሸነፍኩ።

በእራት ላይ የተነገረ ዜና

በ2015 ዓ.ም. መስከረም ወር፣ ፍራንክፈርት ከተማ የሚገኝ የኢትዮጵያውያን አማኞች ኅብረት ባለቤቴን ለአገልግሎት ጠራው። ባለቤቴ ጾሞ ጸለየ፤ ከአጥቢያችን ሽማግሌዎች ጋር ተማከረ፤ የእሺታውን ደብዳቤ ጻፈ። ከዚያ በኋላ ለእኔ ነገረኝ። እኔም ከልቤ ሳይሆን ከአፌ «አሜን» አልኩ።

ለልጃችን የተነገራት በመጨረሻ ነው። አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር። አንድ ማታ እራት ላይ ሳለን አባቷ «በገና ሰሞን ጀርመን እንገባለን» አላት። እርሷ ስለ ጀርመን አልጠየቀችም። «አባዬ፣ ድመቶቹስ?» አለች።

«ለጥበቃው እንሰጣቸዋለን። እዚያም ድመት አይጠፋም» አለና ሳቀ።

የያዘችውን ጉርሻ ትሪው ላይ መልሳ ተነሣች። እኔም ዝም አልኩ። ዝምታዬ ከሳቁ ይልቅ ሳይጎዳት አልቀረም ብዬ አሁን አስባለሁ። ከዚያ ማታ ጀምሮ ከግድ ነገር በቀር አታናግረንም፤ በልጆች መዘምራን ውስጥ ቆማ አፏን ብቻ ታንቀሳቅሳለች። አንድ ሌሊት ብርድ ልብስ ላለብሳት ስገባ በሹክሹክታ ስትጸልይ ሰማኋት። «ጌታ ሆይ፣ እኔም ከጥበቃው ጋር እንድቀር ፍቀድልኝ» ትላለች።

መጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ሳለሁ ነቢዩ ናታን ለዳዊት የነገረውን ምሳሌ (2ሳሙ. 12) ስለ ኃጢአትና ስለ ንስሐ ብዙ ጊዜ አጥንቼዋለሁ። ያን ሌሊት ግን ልቤ የቆመው ሌላ ቦታ ላይ ነው። ያ ድሃ ሰው አንዲት ታናሽ በግ ነበረችው፤ ከጽዋው ያጠጣት፣ በብብቱ ያስተኛት፣ እንደ ልጁ ያያት ነበር። ንጉሡ ይህን ሲሰማ «አንዲት በግ ምን ቁም ነገር ናት?» አላለም፤ ተቆጣ። እንግዲያው ሰው ለእንስሳው እንዲህ ያለ ፍቅር ሊኖረው እንደሚችል ዳዊትም ናታንም ያውቁ ነበር። ያላወቅነው እኛ ነበርን።

ቅደም ተከተሉ ተዛብቷል

በማግስቱ ለማንም ሳልናገር ወደ አንድ የእንስሳት ክሊኒክ ሄድኩ። ሐኪሟ «ክትባት አላቸው?» ስትለኝ፣ ባለፈው ዓመት የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ አስከትበን ስለነበር ደብተራቸውን በኩራት ዘረጋሁ።

«ማይክሮቺፕስ?»

«የለም።»

«እንግዲያው ይህ ክትባት አይቆጠርላችሁም» አለችኝ። «መጀመሪያ የድመቷ ማንነት ይመዘገባል፤ ቀጥሎ ትከተባለች፤ ቀጥሎ ደሟ ይመረመራል፤ ከዚያ ትጠብቃላችሁ። ቅደም ተከተሉ ከተዛባ እንደገና ከአንድ ነው የምትጀምሩት።»

ከዚያም በዝርዝር አስረዳችኝ። ማይክሮቺፕ የሩዝ ፍሬ የምታህል ነገር ናት፤ በመርፌ ከቆዳ ሥር፣ በሁለቱ ትከሻዎች መካከል ትገባለች። ባትሪ የላትም፤ ድመቷ የት እንዳለች አትናገርም። ማንበቢያ መሣሪያ ሲቀርብላት 15 አኃዝ ያለውን ቁጥር ብቻ ትሰጣለች። ኢትዮጵያ የእብድ ውሻ በሽታን በተመለከተ የአውሮፓ ኅብረት ባወጣው የአገሮች ዝርዝር ውስጥ ስላልነበረች፣ ከክትባቱ ቢያንስ 30 ቀን በኋላ ደም ተወስዶ ኅብረቱ በፈቀደለት ላብራቶሪ መመርመር ነበረበት። ውጤቱ በአንድ ሚሊ ሊትር ቢያንስ 0.5 ዓለም አቀፍ ዩኒት የመከላከያ አቅም ማሳየት አለበት። ይህም ካለፈ በኋላ፣ ደሙ ከተወሰደበት ቀን ጀምሮ ሦስት ወር መቆየት ግዴታ ነው። ምክንያቱም ይህ በሽታ ሰውነት ውስጥ ከገባ በኋላ ምልክት ሳያሳይ ሳምንታትና ወራት ሊደበቅ ይችላል። ምልክቱ ከታየ ደግሞ በሰውም ሆነ በእንስሳ ላይ ማለት ይቻላል ሁልጊዜ ይገድላል።

ልጅ ሳለሁ በሰፈራችን ውሻ የነከሰው ሰው ሲኖር «ቶሎ ፓስተር ውሰዱት!» ይባል ነበር። እኔም ፓስተሩ የሚጸልዩለት ይመስለኝ ነበር። ለካስ ጉለሌ የሚገኘውና በፈረንሳዊው ሳይንቲስት በሉዊ ፓስተር ስም የሚጠራው ተቋም ኖሯል። ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1885 የእብድ ውሻ ክትባትን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው ሰጠ፤ የተከተበውም ውሻ የነከሰው የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበር። ይህን ለሐኪሟ ብነግራት ሳቀች፤ እኔ ግን በልቤ «አሁን ለእኔ የሚያስፈልገኝ ቤት ያለው ፓስተር ነው» አልኩ።

ማታ ባለቤቴን መኪና ውስጥ ይዤው ቆየሁና ሁሉንም ነገርኩት። ስለ ወጪው፣ ስለ ወራቱ ነገርኩት፤ ልጃችን የጸለየችውን ጸሎትም ነገርኩት።

«እግዚአብሔር ተናግሮኛል እኮ» አለኝ።

«እግዚአብሔር ለአንተ ሲናገር እኛ ቤት አልነበርንም?» አልኩት።

በአሥራ አምስት ዓመት ትዳራችን እንዲህ መልሼለት አላውቅም። ረጅም ጊዜ ዝም አለ። እኔም ዝም ብዬ ያቺን የሐኪሟን ቃል አሰብኩ። ለሽማግሌዎቹ አስቀድሞ፣ ለሚስት ቀጥሎ፣ ለልጅ በመጨረሻ። ቅደም ተከተሉ ተዛብቶ ነበር፤ እንደገና ከአንድ መጀመር ነበረብን።

ያን ሌሊት ባለቤቴ ልጃችን ክፍል ገብቶ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። «ልጄ፣ ለሰው ሁሉ ነግሬ አንቺን በመጨረሻ ነገርኩሽ። በሐዘንሽም ሳቅሁ። ይቅር በይኝ» አላት። እርሷ ወዲያው አልታረቀችውም። «ድመቶቹ ይሄዳሉ?» ብላ ጠየቀችው። «ገና አላውቅም፤ አብረን እንሞክራለን» አላት። በእኔ አስተያየት ከስብከቶቹ ሁሉ የሚበልጠው ይህ ቃል ነው፤ የማይችለውን ቃል አልገባላትምና።

የጥበቃ ወራት

ጥቅምት 8 ቺፕ ተደረገላቸው፤ በዚያው ቀን ተከተቡ። ኅዳር 10 ደማቸው ተወስዶ፣ በቀዝቃዛ ዕቃ ታሽጎ ወደ አውሮፓ ተላከ። ይህ ማለት ከየካቲት አጋማሽ በፊት መንቀሳቀስ አንችልም ማለት ነው። ባለቤቴ ለገና ይጠብቁት ለነበሩት የፍራንክፈርት ወንድሞች ደውሎ ማራዘሚያ ጠየቀ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ «ፓስተር፣ ለአገልግሎት የተጠራ ሰው በድመት ይቆማል እንዴ?» አሉት። «በድመት አይደለም የቆምኩት፤ በልጄ ነው» አላቸው።

ከዚህ የከበደው ግን ከእህቶች ጸሎት በኋላ ቡና ላይ የሰማሁት ነው። አንዲት የማከብራት እህት «እህቴ፣ የዕድር መዋጮ ያቃታቸው እናቶች በመካከላችን እያሉ የድመት ደም በአውሮፕላን ይላካል?» አለችኝ። የምመልሰው አጣሁ። ከአሥራታችንና ለአገልግሎት ከተሰጠን ገንዘብ አንዲት ብር እንዳንነካ ከባለቤቴ ጋር ተስማምተን ነበር፤ ወጪውን የሸፈንነው ቡፌውንና የምግብ ጠረጴዛውን በመሸጥ ነው። ነገር ግን ይህ ሙሉ መልስ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ቡፌው ተሽጦ ለእነዚያ እናቶችም ሊሆን ይችል ነበር። ያቺን እህት ተሳስታለች ብዬ እስከ ዛሬ አልፈረድኩም። ጻድቅ ሰው ለእንስሳው እንኳ እንደሚራራ መጽሐፍ ይነግረናል (ምሳ. 12፥10)፤ ለድሃው ጆሮውን እንዳይደፍንም ያው መጽሐፍ ያስጠነቅቀዋል። ሁለቱን አንድ ላይ መሸከም ከባድ ነው።

የደሙ ውጤት እስኪመጣ ድረስ በቤተ ሰብ ጸሎታችን ላይ ድመቶቹም ተነሡ። በታኅሣሥ ወር ሁለቱም አለፉ። እኛም በቀረው ጊዜ ውስጥ ቀስ በቀስ ተዘጋጀን። ሐኪሟ እንደ መከረችን የመያዣ ሳጥኖቹን ከፍተን፣ የልጃችንን አሮጌ ሹራብ አንጥፈንባቸው ሳሎን አስቀመጥናቸው። መጀመሪያ አሸተቱ፤ ከዚያ ምግባቸውን እዚያ በሉ፤ ከዚያ ተኙበት። ልጃችንም በበኩሏ የጀርመንኛ ቁጥሮችን መማር ጀመረች። የተማረችበትም መንገድ የጉሬዛን 15 አኃዝ በጀርመንኛ መሸምደድ ነበር።

ከቦሌ እስከ ፍራንክፈርት

የካቲት 23 ሌሊት ቦሌ ደረስን። ከጉዞው በፊት በነበሩት ቀናት የመንግሥት የእንስሳት ሐኪም የጤና የምስክር ወረቀታቸውን ፈርሞ ማኅተም አድርጎበታል፤ ወረቀቱ ከተፈረመ በ10 ቀን ውስጥ መድረስ ነበረብን። የድመቶቹ ፋይል ከእኛ ከሦስታችን ፋይል ይወፍር ነበር።

የማላውቀው አንድ ነገር ነበር። በፍተሻው ቦታ ሳጥኑ በኤክስሬይ ያልፋል፤ ድመቷ ግን ወጥታ በሰው እቅፍ ታልፋለች። ጉሬዛ በልጃችን ደረት ላይ ተለጥፋ በሰላም አለፈች። ዳማን የያዘው ባለቤቴ ነው። ዳማ ጫጫታውንና መብራቱን ሲያይ የፓስተሩን እጅ ከአንጓው እስከ ጣቱ ቧጨረው። የደረት ማሰሪያ ባናደርግለት ኖሮ ቦሌ ላይ ጠፍቶ ይቀር ነበር።

አየር መንገዱ በቅድሚያ ስላስመዘገብን ከእኛ ጋር፣ ከፊታችን ካለው ወንበር ሥር እንድናስቀምጣቸው ፈቅዶልናል። ማስታገሻ እንዳንሰጣቸው ሐኪሟ አስጠንቅቃን ነበር፤ መድኃኒቱ በአየር ላይ የደም ግፊታቸውንና አተነፋፈሳቸውን ሊያውክ ይችላል። ከመነሣታችን በፊት ጥቂት ሰዓት ቀደም ብለን ጥቂት ምግብ ሰጥተናቸዋል፤ ሳጥኑ ውስጥም እርጥበት የሚመጥጥ ጨርቅ አንጥፈናል። አውሮፕላኑ ሲነሣ ዳማ አንድ ጊዜ ረጅም ጩኸት ጮኸ። ከኋላችን የተቀመጡ ሽማግሌ «ልጁ አመመው?» ብለው ጠየቁን። ከዚያ በኋላ ለሰባት ሰዓት ያህል ድምፅ አልተሰማም። ልጃችን ጣቷን በሳጥኑ ወንፊት አስገብታ ተኛች። እኔ ግን አልተኛሁም። በዘፍጥረት 8፥1 እግዚአብሔር ኖኅን ብቻ ሳይሆን አብረውት በመርከብ የነበሩትን እንስሳት ሁሉ እንዳሰበ ተጽፏል። በጨለማው ሰማይ ውስጥ ይህን እያሰብኩ፣ ትቻት ስለመጣሁት እናቴ አለቀስኩ። ባለቤቴ በተቧጨረው እጁ እጄን ያዘ።

ፍራንክፈርት ስንደርስ የሚያስመዘግቡት ነገር ላላቸው መንገደኞች በተለየው በቀዩ መውጫ ሄድን። የጉምሩክ ሠራተኛዋ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አየች፤ ማንበቢያውን በጉሬዛ ትከሻ ላይ አሳለፈች። ቁጥሩ ሲወጣ ልጃችን ከወረቀቱ ሳታይ በጀርመንኛ እስከ መጨረሻው ወጣችው። ሠራተኛዋ ወረቀቱን ከልጅቷ ጋር አስተያየችና ፈገግ አለች። ልጃችን በዚያ አገር የመጀመሪያውን ንግግር ያደረገችው በዚህ መንገድ ነው።

ከአልጋው ሥር

ቤት ያገኘልን ወንድም አስቀድሞ የአከራዩን ፈቃድ ጠይቆልን ነበር። በጀርመን የፌዴራሉ ከፍተኛ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2013፣ አከራዮች በኪራይ ውል ላይ ውሻና ድመትን በጅምላ መከልከል እንደማይችሉ ወስኗል፤ ቢሆንም አስቀድሞ መጠየቅ ለሰላም ይበጃል። ለውሻ ግብር ይከፈላል፤ ለድመት አይከፈልም።

ድመቶቹ ሦስት ቀን ከአልጋ ሥር አልወጡም። ሐኪሟ ይህንንም ነግራናለች፦ «በአንድ ክፍል ብቻ አስጀምሯቸው፤ የቤታቸውን ሽታ የያዘ ያልታጠበ ጨርቅ አኑሩላቸው፤ ጎትታችሁ አታውጡ። ሁለት ቀን ጨርሰው ካልበሉ ግን ወደ ሐኪም ውሰዷቸው፤ ድመት ሳትበላ ከቆየች ጉበቷ ይጎዳል።» ሌሊት ሌሊት ስለሚበሉ ታገሥናቸው።

ልጃችንም እንደ እነርሱ ሆነች። በመጀመሪያው እሑድ እህቶች «ነይ፣ ከልጆቹ ጋር ዘምሪ» ብለው እጇን ሲይዙ ከኋላዬ ተደበቀች። ልገፋፋት አፌን ስከፍት ባለቤቴ ዓይን ዓይኔን አየኝ። «አትጎትቻት» ማለቱ ነው። ተውኳት። እርሱ ራሱ በዚያን ቀን ሲሰብክ ጉባኤው የተቧጨረ እጁን ያይ ነበር። በመጨረሻ ምክንያቱን ተናገረ፤ ስለ እራቱ፣ ስለ ሳቁ፣ ከልጁ ይቅርታ ስለ መጠየቁም ሳይደብቅ ተናገረ። ከአምልኮ በኋላ የመጡልን አባቶች ስለ ስብከቱ ሳይሆን ስለ ልጆቻቸው ሊያጫውቱት ነበር። ከእነርሱ ብዙዎቹ ልጆቻቸውን በእንቅልፍ ልባቸው ተሸክመው ከአገር የወጡ ናቸው።

ጎረቤታችን የሆኑ ጀርመናዊት አሮጊት ድመቶቹ ከኢትዮጵያ መምጣታቸውን ሲሰሙ «አቢሲኒያ ድመት!» ብለው ተደነቁ። በዚህ ስም የሚጠራ ዝርያ እንዳለ ያን ጊዜ አወቅን። እንደሚተረከው፣ እ.ኤ.አ. በ1868 እንግሊዞች በዐፄ ቴዎድሮስ ላይ ወደ መቅደላ ዘምተው ሲመለሱ፣ የአንድ መኮንን ሚስት «ዙላ» የተባለች ድመት ይዛ ወደ እንግሊዝ ገባች። ዙላ ጦሩ ከመርከብ የወረደበት የቀይ ባሕር ዳርቻ ስም ነው። እ.ኤ.አ. በ1874 ጎርደን ስቴብልስ የተባለው ሰው ስለ ድመቶች ባሳተመው መጽሐፍ ስለ እርሷ ጽፎላታል። በኋላ የተደረጉ የዘር ጥናቶች ግን የዝርያው መነሻ ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ እንደሚያመለክት ያሳያሉ። ይህን ለልጃችን ሳነብላት «ዙላ ደሟ ተመርምሮ ነበር?» ብላ ሳቀች። ከመስከረም ወዲህ ድምፅ አውጥታ ስትስቅ መስማቴ ነበር። ጉሬዛችን የአቢሲኒያ ዝርያ አይደለችም፤ የመካኒሳ ናት።

ከድመት ጋር ለመሄድ ለምታስቡ

1. በመጀመሪያ የምትሄዱበትን አገር ደንብ ከኤምባሲው ወይም ከእንስሳት ጤና መሥሪያ ቤቱ ጠይቁ። ደንቡ ይለወጣል፤ አገሮችም ይለያያሉ። ወደ አሜሪካ ለሚገባ ድመት የፌዴራሉ የጤና ተቋም የእብድ ውሻ ክትባት ማስረጃ አያስገድድም፤ ግዛቶችና አየር መንገዶች ግን የራሳቸው ደንብ አላቸው። እንግሊዝ በበኩሏ ከእኛ አገር ለሚመጣ ድመት የደም ምርመራና የሦስት ወር ቆይታ ትጠይቃለች፤ በአውሮፕላንም የሚገባው በካርጎ ነው።

2. ለአውሮፓ ኅብረት አገሮች ቢያንስ ስድስት ወር ቀደም ብላችሁ ጀምሩ። ከቺፕ በፊት የተሰጠ ክትባት እንደማይቆጠር አትርሱ።

3. ሳጥኑ ድመቷ የምትቆምበት፣ የምትዞርበትና የምትተኛበት ስፋት ይኑረው። ከጉዞው በፊት ሳምንታት አስለምዷት።

4. የደረት ማሰሪያ ግዙ። የባለቤቴ እጅ ምስክር ነው።

5. ድመቷ ካረጀች ወይም ከታመመች፣ የሚወዳት ሰው ፈልጎ መተው ጭካኔ አይደለም። ነገር ግን ውሳኔው ሲወሰን ልጆቻችሁ ይኑሩበት።

በመጨረሻም ለባለ ትዳሮች አንድ ቃል። እኛ ለድመቶቻችን አምስት ወር ተዘጋጅተናል፤ ለልጃችን መጀመሪያ ላይ የሰጠናት አንድ እራት ብቻ ነበር። ዛሬ ቤት፣ ሥራ ወይም አገር ልትቀይሩ የምታስቡ ካላችሁ፣ በዚህ ሳምንት አንድ ማታ ቴሌቪዥኑን አጥፍታችሁ ተቀመጡና እርስ በርሳችሁ ተጠያየቁ። ይህን ነገር ከእኛ ቤት በመጨረሻ የሚሰማው ማን ነው? ምን ጥሎ እንዲሄድ እየጠየቅነው ነው? ከዚያም ያንን ሰው ጠርታችሁ ጠይቁት፤ መልሱንም ሳትስቁ ስሙት።

ልጃችን በጰራቅሊጦስ ሰሞን ማንም ሳይጠራት ሄዳ ከልጆቹ መካከል ቆመች። ዳማ ግን አሁንም እንግዳ ሲመጣ ከአልጋ ሥር ይገባል፤ እኛም አንጎትተውም።

ጌታ ቤታችሁን ይባርክ።